በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም

ሎሚ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቿ በምን እንደ ሞቱ ያወቀችው እሷም በተራዋ ሁለት ወንድ ልጆች ከወለደች በኋላ፣ በቺፑድ ግድግዳ በኩል ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ የጸሎት ሴቶች እናቷን ዳርቱን መሀል አስቀምጠው ይጠይቃሉ። ከወዲህ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ እሷ የአምስት ዓመት ልጇን የባርኮትን እግር ትራስ ላይ አሳርፋ ያበጠ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይዛለች። በረዶው የተገዛ ነው፤ ፍሪጅ ያላት ጎረቤታቸው ውሃ በፌስታል እያረጋች አንዱን በሁለት ብር ትሸጣለች፤ ለታመመ ልጅ ነው ቢሏትም ሁለት ብር ሁለት ብር ነው። ልጁ አያለቅስም። ሲያለቅስ ሰውነቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ጉልበቱ እንደሚብስበት ካወቀ ቆይቷል፤ ከንፈሩን ነክሶ ኮርኒሱን ያያል። በዚህ መሀል የእናቷ ድምፅ በቺፑዱ አልፎ መጣ፤ ስለ ገበያ የምታወራ ይመስል የተረጋጋ ነበር።

«ሰቦቃን በስምንተኛው ቀን አስገረዝነው። ደሙ እንቢ አለ። አመድ ነሰነስንበት፣ የሸረሪት ድር አደረግንበት፣ እንቢ አለ። ጎህ ሲቀድ አለቀ። ባፈና እንኳ አድጎልኝ ነበር፤ እሱ ጥርሱ ተነቅሎ ነው። ደም ሲተፋ ሰንብቶ ሄደ። የኔም ታናሽ ወንድም እንደዚሁ ነው ያለቀው።»

ሴቶቹ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» አሉ።

በረዶው ከሎሚ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ስታድግ የተነገራት ሰቦቃን ኩፍኝ፣ ባፈናን ምች እንደ ገደላቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል፣ ዶክተር ሰዓዲያ ዓይን ዓይኗን እያየች «በእናትሽ ወገን ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወንድ አለ?» ብላ ስትጠይቃት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብላ መልሳለች። እንዲያውም ትንሽ ቆጣ ብላ ነው የመለሰችው። ባርኮት በሕፃንነቱ ተገርዞ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲደማ የባሏ ዘመዶች «ከሷ ወገን ነው» ብለው ነበር፣ እሷ ደግሞ «ከእናንተ ነው» ብላለች፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ልጁ ባበጠ ቁጥር እንጦጦ ሥር ያለ ወጌሻ ዘንድ እየተወሰደ ጉልበቱ በቅቤ ታሽቷል፤ በታሸም ቁጥር ከሄደበት ብሶበት ተመልሷል። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቷ እዚሁ ቤት ውስጥ ነበረች። ቅቤውን እያቀለጠች በብልቃጥ የምትሰጣቸውም እሷ ነበረች።

ጸሎቱን ያመጣችው የባሏ የጌድዮን ታላቅ እህት ሰርክ ናት። ሰርክ በቤተ ክርስቲያኗ የዘር እርግማን የሚሰብር ቡድን ትመራለች። የካ ተራራ ላይ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጾም ጸሎት ይዛ ከርማ፣ «በእናት በኩል የሚወርድ የደም ሰንሰለት ታይቶኛል» ብላ ወረደች። ሰንሰለቱ እንዲሰበር ደግሞ የሞተው ሁሉ ከነአሟሟቱ እስከ አራት ትውልድ በስሙ መጠራት አለበት። ሐኪም ሲጠይቅ አፉን የሚዘጋ ቤተሰብ፣ እርግማን ይሰበራል ሲባል የቅድመ አያቱን ቁስል ሳይቀር ይዘረግፋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጸሎቱ በጩኸትና ወለል በመደብደብ አለቀ። «ተሰብሯል! ነፃ ናቸው!» እያሉ ተቃቀፉ። ዳርቱ ወጥታ ጓሮ ፊቷን ታጠበች፤ ከዚያ የሦስት ወሩን ሕፃን ዳንኤልን ተቀብላ አቀፈች። ሎሚ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ይህ ልጅ ሲወለድ በሟች ወንድሟ ስም ሰቦቃ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እናቷ ያን ቀን «ይህን ስም በልጅሽ ላይ አትጥሪ!» ብላ ጮኸችባት። ሎሚ የእናት ሐዘን መስሏት ስሙን ትታው ነበር። ዳንኤል እስካሁን አልተገረዘም። የባርኮት በሽታ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይሆንም ብላ፣ ከባሏ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቃ ነው ያስቆመችው። አሁን እናቷን ፊት ለፊት ልትጠይቃት አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የሆስፒታል ቀጠሮዋ ደርሷል። ስመለስ እንገናኛለን አለች በሆዷ።

ጌድዮን መገናኛ አካባቢ በሚገኝ የትራንዚት ቢሮ ነው የሚሠራው፤ በዚህ ሰዓት ቢሮ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ነጠላ ጫማ አድርጎ በረንዳው ላይ ቆሟል። «ፈቃድ ወስጃለሁ» አላት። ታዲያ አብረኸኝ ና ስትለው «ከዳንኤል ጋር ልሁን» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። ሰርክ ባርኮትን ጀርባዋ ላይ እንድታዝለው ረዳቻትና ጉንጯን ሳመቻት። «ሎሚዬ፣ አትቸኩዪ፤ ቀስ ብለሽ ነይ። ሕፃኑን እኛ እናያለን።» ማድ ቤት ትልቅ ድስት ውሃ ተጥዶ ይፈላ ነበር። ለሻይ ይሆናል ብላ አለፈች።

ቤታቸው ከመሪ ወደ ተራራው ወጣ ብሎ ነው፤ ከዳርቱ እርሻ የተረፈች ቁራጭ ግቢ ናት፣ የቀረው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ከዚያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ለባቡሩ ሥራ ተቆፋፍሮ ታክሲው እንደ አጋሰስ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ወያላው የባርኮትን እግር አየና «እግሩን ካጠፈ ታቅፊዋለሽ፣ ካላጠፈ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» አላት። እግሩ አይታጠፍም። የሁለት ሰው ከፈለች። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ልጁ ትከሻዋን ይነክሳል፤ እሷም ዝም ብላ ታስነክሰዋለች። ሲግናልን ሲያልፉ «እማ፣ ዛሬ መርፌ ይወጉኛል?» አላት። «ይወጉሃል። ከዚያ አያምህም።» ልጅ መርፌ ሲጠብቅ ደስ ሲለው ያየች እናት ሌላ ምን ልትሰማ ትፈልጋለች?

ዶክተር ሰዓዲያ የደሙን ምርመራ ውጤት አይታ የበሽታውን ስም ነገረቻት፤ ሄሞፊሊያ። ደም የሚያረጋው ነገር ከልጁ አካል ውስጥ ሲፈጠር ጀምሮ ጎድሏል፤ ትንሽ ሲጋጭ ውስጥ ለውስጥ ይደማል። ጉልበቱን ያሳበጠው ደም ነው፤ ሲታሽ የሚብስበትም ለዚህ ነው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገመችላት። በዚህ ጊዜ ሎሚ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች፤ ሁለቱን ወንድሞቿን፣ የእናቷን ወንድም።

«ባለፈው ሳምንት የለም ብለሽኝ ነበር» አለች ዶክተሯ።

«ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፣ ዶክተር። እሱም ለኔ ተብሎ አይደለም የተነገረው።»

ዶክተሯ የሰማችውን ካርዱ ላይ ጻፈች። «የሚወርደው በእናት በኩል ነው። እናትየዋ ትሸከመዋለች እንጂ ብዙውን ጊዜ አትታመምም። ወንድ ልጅ በወለደች ቁጥር ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ዘውድ ወይ ጎፈር። አንዱን ይይዘዋል፣ አንዱ ያመልጣል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሎሚ ሦስተኛ ወንድሟን ቀነኒሳን አሰበች። እሱ በሕይወት አለ፤ ሲኖትራክ ይነዳል፤ ተገርዞም፣ ጥርሱ ወልቆም፣ ተፈንክቶም እንደ ሰው ደምቶ እንደ ሰው ድኗል። አምልጧል ማለት ነው። ሰርክም «በእናት በኩል» ማለቷ ልክ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። «የማንም ጥፋት አይደለም» የምትለዋ ቃል ግን አልዋጥ አለቻት። መሸከሙ ጥፋት አይደለም። እየተሸከሙ፣ ልጅ እየቀበሩ፣ ለገዛ ልጅ ኩፍኝ ነው ብሎ መዋሸትስ?

«ሕፃኑ ተገርዟል?» አለች ዶክተሯ።

«አልተገረዘም።»

«አደራሽን፣ ሳይመረመር ምላጭ እንዳይነካው።»

ምላጭ ሲባል ሎሚ የጠዋቱን ቤቷን እንደ ገና አየችው። ቀስ ብለሽ ነይ ያለቻት ሰርክ። በሥራ ቀን ነጠላ ጫማ ያደረገው ጌድዮን። የሚፈላው ውሃ። ሰንሰለቱ ከተሰበረ ምን ይጠበቃል? መግረዝ ነዋ! ስልኳን አወጣች። የጌድዮን ዝግ ነው። የሰርክ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ደግማ ደወለች፤ ይጠራል። ለዶክተሯ ነገረቻት።

ዶክተር ሰዓዲያ ተነሥታ ከማቀዝቀዣው ትንሽ ካርቶን አወጣች። «ደሙን የሚያረጋው መድኃኒት በእርዳታ ነው የሚመጣው። የቀረኝ ይህ ብቻ ነው፤ ለባርኮት ነበር ያሰብኩት። ሕፃኑን ገርዘውት እየደማ ከሆነ ግን...» አልጨረሰችውም። ለሎሚ ተወችላት። የእናት ፍርድ እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል? አንደኛው ልጅ አጠገቧ ካርቶኑን እያየ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሌላው ከተማው ማዶ ምን እየሆነ እንዳለ አታውቅም። «ለሕፃኑ አስቀምጡልኝ» አለች። ዶክተሯ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምታቆይላት፣ የሚደማ ሌላ ሰው ከመጣ ግን ልትከለክለው እንደማትችል ነገረቻት። ካርቶኑ ወደ ማቀዝቀዣው ተመለሰ።

«እማ፣ መርፌው ቀረ?»

«ቀረ፣ የኔ ጌታ።»

ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰው ልጅ አሁን አለቀሰ።

ላዳ ኮንትራት ያዘች፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። ከሩቅ፣ ገና ከኮረኮንቹ መታጠፊያ ላይ፣ ከቤቷ መዝሙር ይሰማል። ድሬሰር ገረሱ፣ ሰፈሩን ሁሉ የገረዙት ሽማግሌ፣ ሥራቸውን ጨርሰው በረንዳው ላይ ለስላሳ ይጠጣሉ። ዳንኤል አያቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ሎሚ ባርኮትን እንዳዘለች ተንበርክካ ጨርቁን ገለጠች። የምስር ክክ የምታክል ደም አለች፤ ደርቃለች። ዙሪያውን አየች፣ ከሥሩ በጣቷ ዳሰሰች፣ ደረቅ ነው። ተመስገን አለች፣ ከልቧ ነው ያለችው፤ ልጇ ነውና።

«አየሽ!» ሰርክ እጆቿን ዘረጋች። «ምልክቱ ይኸው! በዚህ ቤት ደም ቆመ! ባርኮትም ተፈውሷል!» ሎሚ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ሴቶቹ ልጁን ከጀርባዋ ፈተው መሀል አቆሙት። ባርኮት በአንድ እግሩ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። አክስቱ ሁለት እጆቹን ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። «ዝለል የኔ አንበሳ! በእምነት ዝለል!» ልጁ ደግሞ ታላላቆቹን የሚያከብር ልጅ ነው። ዘለለ።

የወጣው ጩኸት መዝሙሩን እንደ ቢላ ቆረጠው። ሎሚ ሰርክን ገፍትራ ልጇን ከወለሉ አነሣችው። ቁጣዋ ከየት እንደሚጀምር አላወቀችም፤ መጀመሪያ ያገኘችው ባሏን ነው።

«ከእኔ ተደብቀህ! ልጄን እንደ ሳንቲም ወረወራችሁት እኮ!»

«ሎሚ፣ አልደማም እኮ...»

«ዘውድ ወጣልህ! ጎፈር ቢወጣስ ኖሮ?» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ቀነኒሳ ሲገረዝ ደምቷል?»

ዳርቱ ወለሉን አየች።

«አልደማም፣ አይደል? ማን ጸለየለት? ያኔ ሰርክን ታውቂያት ነበር? ንገሪያቸው!»

ዳርቱ የሕፃኑን ጨርቅ ታስተካክላለች፤ ተስተካክሎ የነበረውን ጨርቅ እንደ ገና ታስተካክላለች። ሰርክ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጌታ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ሐኪም መመለስ ክደት እንደሆነ፣ ሎሚም ለአንደበቷ ብትጠነቀቅ እንደሚሻላት ተናገረች። ጌድዮን በሩ ላይ ቆሟል። ሊከለክላት ይሁን ሊያግዛት እሱም የሚያውቅ አይመስልም። የባርኮትን ጉልበት አየ፤ ሱሪው ተወጥሮ ስፌቱ ሊፈነዳ ደርሷል። ፊቱ አመድ መሰለ። ከበሩ ዘወር አለ፤ ከዚህ ያለፈ አላደረገም። ሎሚ ልጇን አዝላ ወጣች። ኮረኮንቹ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። እናቷ ዳንኤልን አዝላ ተከትላታለች፤ በእጇ የባርኮትን አንድ ጫማ ይዛለች።

ላዳው ሄዷል፤ ታክሲ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንደ ልብ አይገኝም። ተሰልፈው ቆሙ፣ ገቡ፣ አቧራው መሀል ተገተሩ። እንደ ምንም ሲግናል ደረሱ። የዘጠኝ ሰዓቱ ዜና በሾፌሩ ሬዲዮ ሲጀምር ሎሚ ዓይኗን ጨፈነች።

«ብናገር ማን ያገባሽ ነበር?» አለች ዳርቱ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭ እያየች። «ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆጠረው አጥንት ነው። መሬቱን ወሰዱት። የቀረኝ የእናንተ ስም ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው።»

«ዝንብማ አልገባም። ከቤቱ የወጣው ሬሳ ነው።»

«ጫልቱም ሽማግሌ ሊላክላት ነው» አለች ዳርቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጫልቱ የሎሚ ታናሽ እህት ናት። «ለእሷ ስትዪ እንኳ...»

«ለእሷ ስልማ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ወይ አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

ዳርቱ የባርኮትን ጫማ በነጠላዋ ጫፍ መወልወል ጀመረች፤ ጫማው ጭቃ አልነበረበትም።

ሲደርሱ ዶክተር ሰዓዲያን ኮሪደሩ ላይ አገኟት። ሎሚ ፊቷን ስታይ ገባት። «ቅድም አንድ ሕፃን አመጡልኝ፣ ከእንጦጦ ተራራ ማዶ ነው የመጡት» አለች ዶክተሯ። «ተገርዞ ነው። ነጭ ሆኖ ነበር የመጣው። ለእሱ ሰጠሁት።» ዳንኤልን አየችው፤ ደህና ይመስላል አለች፣ ያም ሆኖ ደሙን ወስዳ ታረጋግጣለች። የባርኮትን ጉልበት ስታይ ግን ምን ሆኖ ነው አለች። ዝለል ተብሎ ነው አለቻት ሎሚ። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በስፕሊንት ይታሰራል፣ በረዶ ይያዝበታል፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ይደወልላታል። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከዚህ በኋላ ይህ ጉልበት ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደሆነም አይታወቅም። ሎሚ ሰምታ ጨረሰች። የምትሰድበው ሰው ፈለገች፤ ያንን ሕፃን መስደብ አትችልም፣ ዶክተሯንም አትችልም።

ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሚሷ ደም የነካው ልጅ እግር እናት ግድግዳውን ተደግፋ አፍጥጣለች። አጠገቧ እናቷ ናት፣ በዳርቱ ዕድሜ ያለች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሠረች አሮጊት። ዶክተር ሰዓዲያ ወደ እነሱ ዞረች፤ አሮጊቷን በአክብሮት ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ በእርስዎ ወገን ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወንድ ልጅ አለ?»

አሮጊቷ አንገቷን ቀና አደረገች። «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች። «ከአባቱ ወገን ካልሆነ።»

ሎሚ ወደ እናቷ ዞረች። እንድትሰማ ብቻ ነው የፈለገችው። ዳርቱ ሰምታለች፤ ጫማውን የምትወለውለው እጇ ቆሟል። ከዚያ ሕፃኑን እንዳዘለች ተነሣች፣ ኮሪደሩን ተሻግራ አሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ የባርኮትን ጫማ ጭኗ ላይ አኖረች።

«እህቴ» አለቻት፣ «ስንት ወንድ ልጅ ቀበርሽ?»